እውነት ወይስ ተረት? «ነጥብ የማይጠይቅ» የሕክምና ትምህርት ቤትና የባዲዓ ወላጆች

ሪያድ፣ ባዲዓ ውስጥ ሐበሾች በሚሰባሰቡበት ምግብ ቤት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ላለ ሰው፣ የውጤት ሰሞን ሲደርስ ወሬው ሁሉ ነጥብ ነው። «ልጄ ተሕሲሊ 71 አመጣች፤ የሕክምናው ነገር አበቃ» ይላል አንዱ አባት። «ምን አበቃ ትላለህ ወንድሜ! እኔ የማውቀው ልጅ ከእሷ አንሶ ገብቶ ዛሬ ዶክተር ነው» ይለዋል ጎኑ የተቀመጠው። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ በዋትሳፕ የደረሰውን ማስታወቂያ ያሳያል፦ ያለ መግቢያ ፈተና፣ መቀመጫው የተረጋገጠ፣ ቶሎ ይመዝገቡ።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ስላልሆነ ነው የማይግባቡት። ባዲዓ፣ ሱልጣና ወይም ሱወይዲ በሚባሉት የሪያድ ሰፈሮች ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ አንዱ በሳዑዲ ሥርዓተ ትምህርት ሳነዊያ (ሁለተኛ ደረጃ) ይጨርሳል፤ ሌላው ከሕንድ ወይም ከፓኪስታን ትምህርት ቤት ይወጣል፤ ሌላው የእንግሊዙን አይጂሲኤስኢ ይዞ፣ ሌላው ከኮሚኒቲው ትምህርት ቤት። የሚያመለክቱትም አንዱ እዚሁ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ማዶ ነው። በአንዱ መንገድ ልጁን ከውድድር የሚያስወጣ ነጥብ በሌላው በቂ ሊሆን ይችላል። እኔን ግን ከዝቅተኛው ነጥብ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ነጥብ አያስፈልግም» የሚለው ሰው ነው። መግቢያ ላይ የተዘለለ ፈተና አይቀርም፤ ስድስት ሰባት ዓመትና የአባት ላብ ከፈሰሰ በኋላ መውጫው ላይ ይጠብቃል።

ተረት፦ «በአንድ ፈተና ዝቅ ካለች አበቃላት»

የሳዑዲውን መንገድ እንይ። እዚህ አገር የጤና ኮሌጆች አንድ ነጥብ ብቻ አያዩም። የሳነዊያው አማካይ ውጤት፣ ቁዱራት የሚባለው አጠቃላይ የአቅም ፈተናና ተሕሲሊ የሚባለው የትምህርት ፈተና ተደምረው ነው አንድ ሚዛናዊ ነጥብ የሚወጣው። ሁለቱን ፈተናዎች የሚያዘጋጀው ሰው ሁሉ «ቂያስ» ብሎ የሚያውቀው ማዕከል ነው። ቁዱራት የቋንቋና የሒሳብ አስተሳሰብን ይለካል፤ ተሕሲሊ ደግሞ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ይጠይቃል። ክብደቱ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ለጤና ኮሌጆች የተለመደው አሠራር ግን ለሳነዊያ 30፣ ለቁዱራት 30፣ ለተሕሲሊ 40 በመቶ መስጠት ነው።

ወረቀት አውጥተን እናስላው። ለምሳሌ ያህል አንዲት ልጅ በሳነዊያ 96፣ በቁዱራት 74፣ በተሕሲሊ 71 አላት እንበል። 96ቱ 28.8 ይሰጣታል፤ 74ቱ 22.2፤ 71ዱ 28.4። ድምሩ 79.4 ነው። አባቷ «ትምህርት ቤት እኮ ሁሌ አንደኛ ናት» ይላል፤ ልክ ነው፣ ግን የትምህርት ቤቱን ውጤት ወደ 100 ብታደርሰው እንኳ የምታገኘው 1.2 ነጥብ ብቻ ነው። ቁዱራቱን በ10 ብታሻሽል 3 ነጥብ ታተርፋለች። ተሕሲሊውን በ10 ብታሻሽል ግን 4 ነጥብ ጨምራ 83.4 ትደርሳለች። ብዙ ወላጅ ለትምህርት ቤቱ ክፍያ ተበድሮ ለተሕሲሊ ዝግጅት ግን አንድ መጽሐፍ ሳይገዛ የሚቀረው ይህን ሒሳብ ስላልሠራ ነው።

ሁለቱም ፈተናዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ይወሰዳሉ፤ የሚያዘውም ከፍተኛው ውጤት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተገኘው 71 ልጅቷን ለሚቀጥለው ሙከራ ከማዘጋጀት ውጪ ሥራ የለውም። ቁዱራት በእንግሊዝኛም ይሰጣል፤ ከሕንድ ወይም ከእንግሊዝ ሥርዓት ትምህርት ቤት የወጡና በዐረብኛው የቋንቋ ክፍል የሚንገላቱ ልጆች ይህን ሳያውቁ በዐረብኛ ተቀምጠው ነጥባቸውን ሲያበላሹ ማየት ያሳዝናል። የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት የያዘ ልጅ ውጤቱን ለማስመንዘር «ሙዓደላ» የሚባለውን የአቻነት ማረጋገጫ ማውጣት ይኖርበታል። ይህ ወረቀት ጊዜ ይወስዳልና ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው አይደለም።

ግማሽ እውነት፦ «ሳዑዲ ውስጥ የሐበሻ ልጅ ሕክምና አይማርም»

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ይህ ወሬ ለእውነት ይቀርባል። የጤና ኮሌጆቹ ወንበር በአብዛኛው ለዜጎች ነው። ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ይበልጥ የሚያዘነብለው ወደ ሸሪዓ፣ ወደ ዐረብኛ ቋንቋና ወደ ሌሎች መስኮች ነው። እናቱ ሳዑዲ የሆነች ልጅ እንደ ዜጋ ይታያል፤ ይህ ግን የኛን ሰፈር ብዙኃን አይመለከትም። ያም ሆኖ የመንግሥቶቹን አሠራር ማወቅ አይጎዳም። ለምሳሌ በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ በጤናው ዘርፍ ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ አንደኛ ዓመት ይማራል፤ ወደ ሕክምና የሚያልፈው በዚያ ዓመት ውጤቱ ተወዳድሮ ነው። የዜጋው ልጅም ቢሆን በሳነዊያ ነጥቡ ብቻ ሐኪም አይሆንም ማለት ነው።

የግሎቹ ሌላ ታሪክ ናቸው። ሪያድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ማስተማር የጀመረው አልፈይሰል ዩኒቨርሲቲ፣ አልመዓሪፋ ዩኒቨርሲቲና ዳር አልዑሉም ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያስተምራሉ። ጅዳ ላይ ባተርጂ የሕክምና ኮሌጅና ኢብን ሲና ብሔራዊ ኮሌጅ አሉ። በግል ተቋማት የውጭ ዜጋ መማር የተለመደ ነው። ታዲያ እነሱም ቢሆኑ በገንዘብ ብቻ አይቀበሉም፤ የሳይንስ ትምህርት ውጤት፣ የእንግሊዝኛ ችሎታና አንዳንዶቹ ቃለ መጠይቅ ይጠይቃሉ። የመሰናዶ ዓመት ያላቸውም አሉ። ነጥባቸው ትንሽ ጎደል ላለ ልጆች ይህ የመሰናዶ ዓመት ከማንኛውም የደላላ «ዋስትና» ይሻላል፤ ልጁ እንደማይችል ካወቀ በአንድ ዓመት ያውቃል፣ ከቻለም ይቀጥላል።

ክፍያው ግን በሹፌርነት ወይም በሱቅ ሥራ ለሚኖር አባት የዋዛ አይደለም። ለአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን እስከ ኢንተርን ድረስ የሚከፈለውን በአንድ ወረቀት ላይ ደምሮ ሳያዩ መጀመር ልጁን መሐል ላይ ማስቀረት ነው።

ተረት፦ «አገር ቤት ይቀላል፤ ከውጭ ለመጣ ልጅ ኮታ አለ»

ይህኛው ተረት የተወለደው በድሮ ጊዜ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ከተደረገ በኋላ መልኩ ሁሉ ተለውጧል። ያን ዓመት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በየዓመቱ ውጤቱን ሲያስታውቁ ሪያድም ሆነ ጅዳ ስንት ቤት ሬዲዮና ፌስቡክ ከፍቶ እንደሚያዳምጥ እናውቃለን።

እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይነግሩናል። አንደኛው «ይቀላል» የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ መሆኑን ነው። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። መቶ ልጅ ተፈትኖ ሦስቱ ብቻ 50 በሚያመጡበት ዓመት 54 በመቶ ያመጣች ልጅ ከአገሪቱ ጥቂት ምርጦች አንዷ ናት። ሪያድ ያለው አባቷ ግን 54 የሚለውን በሳዑዲ ትምህርት ቤት መለኪያ አይቶት «ወደቀችብኝ» ይላል። እዚህ 95 የተለመደ ነው፤ እዚያ 54 የሚያስመካ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ወላጅ ልጁን ያለ ጥፋቷ ያስለቅሳታል።

ከ50 በታች ያመጣ ልጅስ? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ተማሪው ራሱ «ሬሜዲያል» የሚለው፣ ለእነዚህ የተከፈተ ነበር። ሲጀመር ከውጤቱ 30 በመቶው ተማሪው በገባበት ተቋም በሚሰጥ ምዘና፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ይያዝ ነበር፤ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልግ ነበር። ሬሜዲያል ግን የወደቀ ሁሉ የሚገባበት አይደለም፤ የራሱ መቁረጫ ነጥብ አለው፣ ደንቡም በየዓመቱ በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል። «ምንም ቢሆን ሬሜዲያል አለ» ብሎ ለፈተናው ሳይዘጋጁ መቀመጥ ስለዚህ ትልቅ ስሕተት ነው። የዘንድሮውን መመሪያ ከትምህርት ሚኒስቴር ማንበብ እንጂ የአምናውን ወሬ መያዝ አይሠራም።

ሬሜዲያል ያለፈ ልጅ ደግሞ ገና ሕክምና አልገባም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ፍሬሽማን የሚባለውን የጋራ አንደኛ ዓመት ይማራል። የትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምደባው ላይ የመግቢያ ፈተናው ውጤትና የፍሬሽማኑ ውጤት ይታያሉ። የመግቢያ ነጥቧ መካከለኛ የሆነ፣ ግን ፍሬሽማን ላይ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ የጠነከረች ልጅ ሕክምና ልትገባ የምትችለው እዚህ ላይ ነው። የዚያኑ ያህል ከፍ ያለ ነጥብ ይዞ ገብቶ ካምፓስ ላይ የተዘናጋ ልጅ ወንበሩን ያጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ የዩኒቨርሲቲውን የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ጥቁር አንበሳን፣ ያለመ ሰው 50ን ማለፉ ብቻ አይበቃውም።

ኮታ የሚባለውስ? ከባሕር ማዶ በመምጣት ብቻ የሚሰጥ የሕክምና ወንበር የለም። የውጭ አገር ሰርተፍኬት የያዘ ልጅ የአቻ ግምት ያሠራል፤ ከዚያ እንደማንኛውም አመልካች ይወዳደራል። ለነገሩ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ የተፈተነ ልጅ ለሕክምና አያመለክትም። ይህን መናገር አስፈላጊ አይመስልም ነበር፤ ግን 11ኛ ክፍል ላይ «ሶሻል ይቀላል» ተብለው ዘርፍ የቀየሩ፣ ሆኖም ሕክምና የሚያልሙ ልጆች ባዲዓም አይጠፉም።

ተረት፦ «የግል ኮሌጅ ገንዘብ እንጂ ነጥብ አያይም»

አገር ቤት ያሉትን የግል የሕክምና ኮሌጆች የሚመለከት ወሬ ነው። 50 በመቶ የሚለው መስፈርት ሲመጣ የመጣው ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ አልነበረም፤ በዲግሪ ደረጃ የሚያስተምሩ የግል ተቋማትንም ይመለከታል። መስፈርቱን ሳያሟላ «ግባ ችግር የለም» የተባለ ልጅ ስሙ በሕጋዊ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። ይህን የሚያውቀው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው።

ምክንያቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ፣ ከግልም ይሁን ከመንግሥት፣ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። በጤናው ሙያ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ፤ ያለ እሱ የሥራ ፈቃድ የለም። ገንዘብ ወንበር ይገዛ ይሆናል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አይገዛም።

አንድ እናት «ልጄ አምስት ዓመት ተምሮ መፈተን አትችልም አሉት» ስትል ሰምቻለሁ። የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ እዚህ መጥራት አያስፈልግም። ለአምስት ዓመት በየወሩ በሐዋላ ሪያል ስትልክ ግን አንድም ቀን «ልጄ በመዝገባችሁ ላይ በምን መስፈርት ገባ?» ብላ አልጠየቀችም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነፃ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይቻላል።

ግማሽ እውነት፦ «ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ ገብታ በኋላ ትዛወራለች»

በቀጥታ መዛወር የሚባለው ነገር ብርቅ ነው፤ በእሱ ተማምኖ ሌላ ትምህርት መጀመር አይመከርም። ዲግሪ ጨርሶ እንደ አዲስ ለሕክምና ማመልከት ግን የታወቀ መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋናው መንገድ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ኤምካት የሚባለው ፈተና፣ ከዚያ አራት ዓመት ሕክምና። ብሪታንያ ውስጥም ለተመራቂዎች የተለየ መግቢያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሉ።

ኢትዮጵያም ይህን ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም ለማድረግ የታሰበ ነበር። ከዚያ በፊትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጤና መኮንንነት ሠልጥነው፣ ገጠር አገልግለው፣ ኋላ ሐኪም የሆኑ ሰዎች የአገራችን የጤና ታሪክ አካል ናቸው። በ12ኛ ክፍል ነጥቧ ዝቅ ያለ ልጅ ነርሲንግን ወይም ላቦራቶሪን ከልቧ ተምራ፣ በጥሩ ውጤት ተመርቃ እንደገና ብታመለክት ምንም የሚያሳፍር የለውም። የምትሄድበት ዓመት ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ግን ቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ነርስነትን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ የሚያይ ወላጅ ግን ዙሪያውን ቢመለከት ደግ ነው። የሪያድ ሆስፒታሎች የቆሙት በነርሶች ነው፤ ብዙዎቹም ከፊሊፒንስና ከሕንድ መጥተው ቤተሰብ ያቆሙ ናቸው።

ተረት፦ «ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ የትም ትማረው»

ይህ ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍል ተረት ነው፤ ማስታወቂያውም ሁሉ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው።

ከሳዑዲ ለሚነሳ የኛ ልጅ ለዓመታት ቅርቡ ካርቱም ነበር። ቋንቋው ዐረብኛና እንግሊዝኛ፣ ርቀቱ የአውሮፕላን ጥቂት ሰዓት፣ ክፍያው ከሪያድ የግል ኮሌጅ ያነሰ። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የብዙ አፍሪካዊ ልጆች መዳረሻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ተማሪው ሁሉ ተበተነ። የመዝገብ ቤት ሰነድ፣ የውጤት ወረቀት፣ የመምህራን ፊርማ ሳይቀር በጦርነት መሐል ቀረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 24 ቀን 2022፣ ዩክሬን ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ ዩክሬንም በመጠነኛ ነጥብና በመጠነኛ ክፍያ ከአፍሪካና ከእስያ ብዙ የሕክምና ተማሪ የምትቀበል አገር ነበረች። ጦርነቱን ማንም አልጠረጠረም ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን አገር ሲመረጥ የነጥቡና የክፍያው ማነስ ብቻ ይታይ እንደነበር ከሁለቱ አጋጣሚዎች ማየት ይቻላል።

ጦርነት በሌለበትም ቢሆን ዲግሪው ሲያልቅ ማን ያውቀዋል የሚለው ጥያቄ አለ። ሳዑዲ ውስጥ ለመሥራት በሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን መመዝገብ ግድ ነው፤ ኮሚሽኑ ሰነዱን ዳታፍሎው በሚባለው ድርጅት በኩል ከምንጩ ያስጣራል፤ ከዚያ ሐኪሙ ለፈቃድ ፈተና ይቀመጣል። ኢትዮጵያ ለመሥራት የውጭ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል፤ ከዚያ የብቃት ምዘናው ይከተላል። ሁለቱም ጋ ተመራቂው «ስንት አምጥተህ ነበር የገባኸው?» አይባልም፤ «የት ተማርክ፣ ታውቃለህ ወይ?» ነው የሚባለው። በቀላል ነጥብ ተቀብሎ በቀላል የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ የሚቸገረው እዚህ ነው።

ወኪል ነኝ ባዩ ብዙ ጊዜ «ትምህርት ቤቱ በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ አለ» ይላል። ማውጫው እውነተኛ ነው፤ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ መፈለግ ይችላል። ነገር ግን ማውጫው ራሱ በግልጽ እንደሚናገረው ስም በዚያ መገኘቱ የጥራት ዕውቅና አይደለም። አለመገኘቱ ትልቅ የአደጋ ምልክት ነው፤ መገኘቱ ግን መጀመሪያው ብቻ ነው።

አንድ የማስታወቂያ ወረቀት አንብቤ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ስለ ማደሪያው፣ ስለ ሐላል ምግቡ፣ ከአየር ማረፊያ ስለሚቀበሉት ሰው ይዘረዝራል። በየትኛው ሆስፒታል ልምምድ እንደሚደረግ አንድ ቃል የለበትም። የሕክምና ትምህርት እኩሌታ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ወኪሉ ሲመጣ ሦስት ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ፦ ተማሪው በሽተኛ የሚያየው የት ሆስፒታል ነው፣ በምን ቋንቋ? ከዚህ በፊት ከተመረቁት ውስጥ የሳዑዲን ወይም የኢትዮጵያን የፈቃድ ፈተና ያለፈ ሰው አለ ወይ፣ ላነጋግረው እችላለሁ? ገንዘቡ የሚገባው በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ? በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ድምፁ የሚቀየር ወኪል ብዙ ነው።

ተረት፦ «ዝቅተኛ ነጥብ ያላት ጎበዝ ሐኪም አይወጣትም»

እ.ኤ.አ. በ2002 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመና ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ አለ። የቀደመው የትምህርት ውጤት በሕክምና ተማሪዎች መካከል ከሚታየው የውጤት ልዩነት 23 በመቶ ያህሉን፣ ከምረቃ በኋላ ካለው ደግሞ 6 በመቶ ያህሉን ብቻ እንደሚያብራራ አሳየ። በሌላ አነጋገር የመግቢያ ነጥብ ፒሲ ዋን በሚባለው የመጀመሪያው የቅድመ ክሊኒክ ዓመት ላይ አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ሲጠና ይረዳል፤ ልጁ ኢንተርን ሆኖ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሲቆም ግን ሥራውን በአብዛኛው የሚሠሩለት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህን ጥናት «እንግዲያው ነጥብ ዋጋ የለውም» ለማለት መጠቀም ማጭበርበር ይሆናል። የተጠኑት ልጆች ቀድሞውኑ ከፍተኛ ውጤት አምጥተው የገቡ ናቸው፤ በ85 እና በ92 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ አያሳይም ማለት 45 ያመጣው ልጅ እኩል ነው ማለት አይደለም። በተለይ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላይ የጎደለ ነገር ካለ መጀመሪያ መሞላት አለበት። ሕክምና ውስጥ ገብቼ እሞላዋለሁ የሚል ልጅ ፋታ አያገኝም።

ወላጅ የልጁን የፈተና ወረቀት አንድ በአንድ ቢያይ ጥሩ ነው። ሒሳብ ላይ የወደቀች ልጅና ባዮሎጂ ላይ የወደቀች ልጅ አንድ ዓይነት ድምር ቢኖራቸውም ችግራቸው አንድ አይደለም። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰለቿት ልጅ «ዶክተር» እንድትባል የሚፈልገው እሷ ናት ወይስ እናቷ? ይህን ጥያቄ በእኛ ቤት መጠየቅ ነውር ይመስላል። ሐኪምነት ደግሞ እንደ ድሮው የተረጋገጠ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም ሰምተናል።

ተረት፦ «አንድ ዓመት መጠበቅ ዓመት ማባከን ነው»

በባዲዓ ይህ ተረት ከሌላ ቦታ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ መነሻ ምክንያትም አለው። ሳዑዲ ውስጥ በቤተሰብ ስም የሚኖር ሰው ሁሉ በወር ይከፈልበታል። ክፍያው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በ100 ሪያል ተጀምሮ በየዓመቱ እየጨመረ በ2020 400 ደርሷል። ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ለተሕሲሊ የምትዘጋጅ ልጅ በዓመት 4,800 ሪያል ታስከፍላለች ማለት ነው፤ ምግብ፣ ልብስና ኢንተርኔት ሳይቆጠር። አባት «ወይ ትሂድ ወይ ትግባ» ቢል አይፈረድበትም።

ግን ሌላኛውንም ወገን እናስላ። አገር ቤት ሄዳ ልማር የምትል ልጅ የመኖሪያ ፈቃዷ (ኢቃማዋ) እንዳይጠፋ ከተፈለገ፣ ወርኃዊው ክፍያ ሳይቀር፣ የመውጫና መግቢያ ቪዛ ያስፈልጋታል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 200 ሪያል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ወር 100። ከመውጣቷ በፊት ከተከፈለ ለዓመት 1,200 ይመጣል። ቪዛው ሳይታደስ ካለፈበት ኢቃማው አብሮ ይሄዳል። ይህን አብሸር በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ ላይ ቀን በቀን መከታተል የአባት ሥራ ነው፤ ካምፓስ ያለች ልጅ አትከታተለውም። በሦስተኛ አገር ያለ የግል ኮሌጅ ደግሞ አንድ ዓመት ተምሮ መቋረጥ ከነቲኬቱና ከነማደሪያው ከ4,800 ሪያል እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ዓመቱ ይባክናል ወይስ አይባክንም የሚለውን የሚወስነው በዓመቱ ውስጥ የሚሠራው ነገር ነው። የሳዑዲውን መንገድ የመረጠች ልጅ የቂያስን የፈተና ቀናት መጀመሪያ አይታ ምዝገባዋን ትይዛለች፤ ሙዓደላዋን ትጨርሳለች፤ ለተሕሲሊ ከደካማዋ ትምህርት ትጀምራለች። የአገር ቤቱን የመረጠ ልጅ በግል ተፈታኝነት እንደገና ለመቀመጥ የሚጠየቀውን ሰነድ ቀድሞ ያሟላል፤ ፈተናው በክረምት መግቢያ ላይ ሲሰጥ ምዝገባው ግን ወራት ቀድሞ ይዘጋል። ትራንስክሪፕቱ የሚረጋገጥባቸው ቢሮዎች የየራሳቸው ወረፋ አላቸው፤ ከሪያድ ሆኖ በሰው እጅ የሚሠራ ወረቀት ደግሞ ሁልጊዜ ካሰቡት በላይ ይዘገያል። ዓርብ ዕለት ምግብ ቤት ውስጥ ማስታወቂያ ከማንበብ ይልቅ እሑድ ጠዋት ሳይሠሩበት ያደረ ሰነድ ይዞ መነሳት ይሻላል።